የካምቢዮው መዝገብና የእኔ «ተ»

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ ባልዲ ነው። ባልዲ፣ ብሩሽና አንድ ጀሪካን ሳሙና። ኦስሎ ውስጥ ካለው ሰፈሬ ከላምበርትሴተር በምድር ባቡር፣ ከዚያም በአውቶቡስ ሄጄ ጋራዡ ስደርስ አለቃው ሮልፍ በሩ ላይ ብስክሌቱን ሲቆልፍ አገኘሁት። ሰውየው የሁለት እሽቅድምድም መኪኖች ባለቤት ነው፤ ሥራ የሚመጣው ግን ከግሩነርሎካ በብስክሌት ነው። ጨበጠኝና በቀጥታ ወደ ጎማዎቹ ወሰደኝ። «ታጥባለህ፣ ታደርቃለህ፣ በየቁጥራቸው ትደረድራለህ» አለኝ። ውሌ ላይ የሥራ መደቤ «የጎማ ሠራተኛ» ይላል።

እኔ አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ አካባቢ አሥራ አንድ ዓመት መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። ሞተር አውርጃለሁ፣ ፍሪሲዮን ቀይሬአለሁ፣ ካምቢዮ ፈትቼ ገጥሜአለሁ። ይህንንም ለሮልፍ በቃለ መጠይቁ ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ጥሩ ነው» ብሎኝ ነበር። ኦስሎ ውስጥ «ጥሩ ነው» ማለት «ሰምቼሃለሁ» ከማለት እንደማያልፍ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ጋራዡ ትልቅ አልነበረም። ስምንት ሰዎች ነበርን። ሁለት የስፖርት መኪኖች ይዘን በአውሮፓ ከተማ ለከተማ እየዞርን የምንወዳደር የግል ቡድን ነን። መኪኖቹን የሠራው የኢጣሊያ ፋብሪካ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ብጠራው ደስ ይለዋል። የመኪናው አካል የሮልፍ ሲሆን፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን ግን ፋብሪካው ያከራያል፤ የሚቆጣጠርለትም አንድ የራሱን ሰው ይልካል። የሚላከው ሰው ሳንድሮ ይባላል።

በዚያው የመጀመሪያ ቀን ሳንድሮ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ካምቢዮውን ይፈታ ነበር። እጁን ብቻ አውጥቶ «ካቻቢቴ!» አለ። አጠገቡ የቆመው ዋናው መካኒክ ኬቲል መፍቻ ሰጠው። ሳንድሮ መፍቻውን መለሰና እንደገና «ካቻቢቴ!» አለ። ኬቲል መዶሻ አነሳ። እኔ ባልዲዬን አስቀምጬ ካቻቢቴውን አቀበልኩት።

ሳንድሮ ተንፏቆ ወጣ። ቱታዬን አየ፣ ፊቴን አየ። አንድ ኩሽኔታ አንስቶ «ይህስ?» አለኝ። «ኩሽኔታ» አልኩት። ቡሎን አሳየኝ፤ «ቡሎን» አልኩ። ዳዶ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ አንዱንም አልሳትኩም። ሰውየው መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ። ቃላቱ በአገሩ ሰዎች እኛ ጋ እንደገቡ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ከአባቴ ጋራዥ ጀምሮ የምሠራባቸው ቃላት ናቸው፤ የማን ናቸው ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ከእነሱ በቀር አንድ ጣሊያንኛ አልችልም ነበር። «ይህ ሰው ጎማ ማጠብ የለበትም» አለ ሳንድሮ ለሮልፍ። ሮልፍም «ጥሩ ነው» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ ጎማዬን እየጨረስኩ ሳንድሮ ሥር እቀመጥ ነበር። የእሽቅድምድም መኪና ካምቢዮ የቤት መኪና ካምቢዮ አይደለም። ነጂው ማርሽ ሲቀይር ፍሪሲዮን አይረግጥም፤ ጥርስ ጥርስን እየመታ ይገባል። ስለዚህ ከየውድድሩ በኋላ ይወርዳል። ዘይቱን ታፈሳለህ። ዘይቱ ውስጥ ያለውን ማግኔት አውጥተህ የብረት ብናኝ ይዞ እንደሆነ ታያለህ። ሽፋኑን ትከፍታለህ፤ እያንዳንዱን ጥርስ በመብራት ታየዋለህ፤ በጥፍርህ ትዳስሰዋለህ። ጥርስ ሊሸረፍ ሲል ከዓይን በፊት ጥፍር ያውቃል። ከዚያ በዘንጎቹ ጫፍ የሚገቡትን ስስ የብረት ቀለበቶች ውፍረት ትለካለህ፤ ቡሎኖቹን በተራቸው፣ በቶርክ መፍቻ፣ ኃይሉን እየለካህ፣ ታጠብቃለህ። መጨረሻ ላይ መዝገብ ትሞላለህ።

ያን መዝገብ በደንብ እወቁት፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ነው። እያንዳንዱ ካምቢዮ የራሱ ቁጥርና የራሱ ደብተር አለው፤ ካምቢዮው በሄደበት ደብተሩ ይሄዳል። በየገጹ ግርጌ «የዘጋው ሰው ፊርማ» የሚል መስመር አለ። የሚፈርመው ዋናው መካኒክ ነው፤ ዋናው መካኒክ ደግሞ ኬቲል ነው።

ኬቲል ክፉ ሰው አልነበረም። በሁለተኛው ዓመት ትከሻው ታመመ። የካምቢዮ ሽፋን ማንሳት፣ የቶርክ መፍቻ መሳብ አቃተው፤ ለሮልፍ መናገር ደግሞ ፈራ። አንድ ጠዋት ጠራኝና «ቴስፋ፣ ዛሬ አንተ ዝጋልኝ» አለኝ፤ ተስፋዬ ማለት ለሁሉም ይከብዳቸው ነበር። ዘጋሁለት። በሚቀጥለው ውድድርም ዘጋሁለት። እንዲህ እያልን ዘጠኝ ዓመት ሄደ። እኔ እዘጋለሁ፣ እሱ ይፈርማል።

ሳንድሮ አንድ ቀን አይቶን «የዘጋው ይፈርም» አለ። እውነቱን ነው። እኔ ግን ከኬቲል ስም ጎን «ተስፋዬ» ብዬ ብጽፍ፣ የታመመ ሰው እንጀራ የነጠቅኩ መስሎ ተሰማኝ። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ በገጹ ጥግ ላይ፣ በትንሹ፣ በራሴ ፊደል አንዲት «ተ» ጻፍኩ። እኔ አውቃታለሁ፤ ይበቃል ብዬ። አጠገቧም ለራሴ ማስታወሻ የሚሆን አንድ ሁለት መስመር በአማርኛ አሰፈርኩ፤ የኖርዌይኛ አጻጻፌ ያሳፍረኝ ነበርና። በየገጹ እንዲሁ ሳደርግ ኖርኩ።

ይህ የሠራሁት ትልቁ ስህተት ነው። በዘጠኝ ዓመት አንድ ካምቢዮ አላበላሸሁም፤ ራሴን ግን በአንዲት ፊደል አበላሸሁ።

«ተ»ን ለማያውቃት ሰው አሳዩት፤ መስቀል ናት ይላል። መጀመሪያ ያያት አንደኛው ነጂያችን ነው። «ይህ ምንድን ነው?» አለ፤ እኔ ሳልመልስ ሌላው መለሰለት። «ቴስፋ አማኝ ነው፤ ካምቢዮውን ባርኮ ነው የሚዘጋው።» ያን ቀን አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሳቸው። ነጂው ከውድድር በፊት «ባርከኸዋል?» ብሎ ይጠይቀኛል። ሮልፍ ገንዘብ የሚሰጡትን እንግዶች ጋራዡን ሲያስጎበኝ ደብተሩን ይገልጥና «ይህ መስቀሉ ነው፣ ይህ ደግሞ ጸሎቱ ነው» ይላል። እንግዶቹ ፎቶ ያነሳሉ። እኔ ጎማ ተደግፌ ፈገግ እላለሁ።

ጴንጤ ነኝ። ካምቢዮ ላይ መስቀል የምስል ሰው አይደለሁም። የቤተ ክርስቲያን ወንድሞቼ ቢሰሙ ምን እንደሚሉኝ እያሰብኩ በውስጤ እስቅ ነበር። «አይ፣ ይህ ፊደል ነው፤ ይህም ጸሎት ሳይሆን የኩሽኔታ ነገር ነው» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። በእንግዳ ፊት አለቃዬን ማሳፈር መሰለኝ። ኖርዌይኛ «አንቱ» የለውም፤ እኔ ግን ሮልፍን በልቤ አንቱ እለው ነበር።

የሥራ መደቤ ይቀየርልኝ ብዬ የጠየቅሁት ሁለት ጊዜ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ሮልፍ «የውድድሩ ዘመን ይለቅ፣ ከዚያ እናየዋለን» አለኝ። ሁለቱንም ጊዜ እሺ አልኩ። ባለቤቴ ጽጌ ፕሪንስዳል ውስጥ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እሷ ኖርዌይ በገባች በጥቂት ዓመት ውስጥ በትምህርት ቤት በኩል የሙያ ፈተናዋን ወስዳ ወረቀቷን ይዛለች። «ፋግብሬቭህን መቼ ነው የምትወስደው?» ትለኛለች። ፋግብሬቭ እዚህ አገር የአንድ ሙያተኛ መታወቂያው ነው፤ የሌለው ሰው ስንት ዓመት ቢሠራም ረዳት ነው። «ፋብሪካው ያውቀኛል እኮ» እላታለሁ። «ፋብሪካው ኦስሎ ነው የሚኖረው?» ትለኛለች።

ፋብሪካው ያውቀኛል ማለቴ ከንቱ አልነበረም። ሳንድሮ በየዓመቱ ይነግረኝ ነበር። ካምቢዮዎቹ ለትልቁ ምርመራ ወደ ኢጣሊያ ሲመለሱ እዚያ ያሉት ሰዎች ከሌላው ቡድን የመጣውን ሁሉ ይፈቱታል፤ መስቀል ያለበትን ግን ዘይት ቀይረው ይመልሱታል። «ያንን አትንካው፣ የኦስሎው ነው ይላሉ» ይለኛል። እኔም ደስ ይለኛል። አሁን ሳስበው ያ ደስታ ያናድደኛል።

አንድ ማክሰኞ ቀን ምሳ እየበላን የአንዱ ልጅ ስልክ ጮኸ። አነበበውና ስልኩን ወደ እኛ አዞረልን። ፋብሪካው የስፖርት መኪናውን ከሙያ ውድድር ሊያስወጣ ወስኗል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ያበቃል ይላል ዜናው። ሮልፍም ከእኛ ጋር ነው የሰማው። ዳቦው በእጁ እንዳለ ተነስቶ ወደ ቢሮው ሄደ። ለሃያ ደቂቃ ያህል በቢሮው መስታወት በኩል ሲደውል እናየው ነበር፤ የሚያነሳለት ግን አላገኘም።

ደብዳቤው በማግስቱ መጣ። ሮልፍ ቆሞ አነበበልን። ፋብሪካው «አንድ ምዕራፍ በክብር ይዘጋል»። ፋብሪካው «ወደ ፊት ይመለከታል»። በየቡድኑ ለደከሙ «የቤተሰቡ አባላት» ፋብሪካው ምስጋና ያቀርባል። እኔ ኩሽኔታውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ካቻቢቴውን በአባቴ አፍ የሰማሁ ሰው ነኝ፤ ከማንም ይልቅ ቤተሰብ የሚለውን አምኜ ነበር። እንዴት ያለ ቤተሰብ ነው መሄዱን ለጋዜጣ ነግሮ ለቤቱ ሰው በማግስቱ የሚጽፍ? መሄዱን አይደለም የምጠላው፤ ነጋዴ ነው፣ ያዋጣኛል ያለውን ያደርጋል። የምጠላው አነጋገሩን ነው።

የመጨረሻውን ውድድር አራተኛ ሆነን ጨረስን። ካምቢዮው እስከ መጨረሻው ዙር ድምፁ አልተለወጠም። መኪናዋ ስትገባ የፋብሪካውን ባለ ሥልጣናት ዞር ብዬ ባይ ወንበሮቻቸው ባዶ ናቸው። አውሮፕላን እንዳያመልጣቸው ውድድሩ ሳያልቅ ወጥተዋል። ነጂው ቆቡን አውልቆ የሚጨብጠው የፋብሪካ ሰው ሲያጣ ሳንድሮ ሮጦ ደረሰለት። ሳንድሮ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ለእሱም ያን ጊዜ አዘንኩለት።

ያለ ፋብሪካው ሞተር ቡድኑ መቀጠል አልቻለም። ጋራዡ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሮልፍ ለእያንዳንዳችን አቴስት ሰጠን። አቴስት አሠሪ ስለ ሠራተኛው የሚጽፈው ምስክር ወረቀት ነው። የሙያ ፈተና ለመፈተን ትምህርት ቤት ያልገባ ሰው አምስት ዓመት በሙያው መሥራቱን በዚህ ወረቀት ማስረዳት አለበት። ፖስታውን ኪሴ ከትቼ ቤት ሄድኩ።

ጽጌ ናት ያነበበችው። ሶፋው ላይ ኮቷን ሳታወልቅ ቁጭ ብላ አነበበች። «ቴክኒክ የሚል የለም» አለች።

«ምን ይላል?»

«ጎማ ማጠብ፣ ጎማ መደርደር፣ ጋራዡን በንጽሕና መያዝ። ‹ለቡድኑ መንፈስ ያበረከተው አስተዋፅኦ ከፍተኛ ነው› ይላል ደግሞ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ካምቢዮ የሚል ቃል የለበትም፣ ተስፋዬ። ኔይ። አንድም ቦታ የለም።» ስትናደድ የኖርዌዮቹ «ኔይ»፣ «አይ» ማለት ነው፣ ይቀላቀልባታል።

ወረቀቱን ተቀብዬ አየሁት። እውነትም የለም።

«አምስት ዓመት እንደገና ረዳት ሆነህ ልትሠራ ነው» አለች። «ሃምሳ ዓመት ሞልቶሃል። ሰው ቅር እንዳይለው ስትል፣ ሰው ቅር እንዳይለው ስትል! እኔስ ቅር ቢለኝ?» እንዲህ ተቆጥታ አላውቅም። ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ወረቀቱን ይዤ ቁጭ አልኩ። ሮልፍን ሳይሆን ራሴን በጥፊ መምታት አሰኝቶኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ ስደርስ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነስቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሳንድሮ የፋብሪካውን ዕቃ ሊወስድ መጥቷል። አምስት ካምቢዮዎች በእንጨት ሣጥን ታሽገዋል፤ ደብተሮቻቸው በአንድ ብረት ሣጥን ውስጥ ለብቻቸው ናቸው። ገባኝ። ያ ሣጥን ከሄደ እኔ ካምቢዮ ነክቼ እንደማውቅ የሚናገር አንድ ወረቀት ኖርዌይ ውስጥ አይኖርም። ሄጄ ሣጥኑ ላይ ተቀመጥኩበት።

«ቴስፋ፣ መኪናው ይጠብቃል» አለ ሮልፍ።

«አቴስቴ ልክ አይደለም» አልኩት። «ካምቢዮዎቹን ዘጠኝ ዓመት የዘጋሁት እኔ ነኝ። ጻፍልኝ።»

ሮልፍ ተቸገረ። ክፋት አልነበረውም ፊቱ ላይ፤ ያ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። «ረድተሃል፣ አውቃለሁ» አለ። «ነገር ግን ደብተሩ ላይ የተፈረመው የኬቲል ስም ነው። የሌለ ነገር መጻፍ አልችልም። ተነስ፣ እባክህ።»

«እምቢ» አልኩ። በአማርኛ ነው ያልኩት። ሳላስበው ነው የወጣው።

«ምን ማለት ነው?»

«ኔይ ማለት ነው። ከኔይ ግን ይበልጣል።»

ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ ጎንበስ ብዬ የሣጥኑን የጎን መዝጊያ ከፈትኩና የላይኛውን ደብተር አወጣሁ። ጥጉን በጣቴ መታሁት። «ይህ ምንድን ነው?» አልኩት።

«መስቀልህ ነዋ» አለ ሮልፍ።

«መስቀል አይደለም። ፊደል ነው። ‹ተ› ይባላል። የስሜ መጀመሪያ ነው። ፊርማዬ ነው።» «ይህስ?» አልኩት፤ አጠገቡ ያሉትን መስመሮች እያሳየሁ።

«ጸሎትህ...» አለና አቋረጠ።

«ላንብበው?» አልኩ። መልሱን አልጠበቅሁም። አማርኛውን እያየሁ በኖርዌይኛ፣ በተሰበረው ኖርዌይኛዬ፣ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «‹ሦስተኛ ማርሽ አራት ጥርስ ተሸርፏል። ተቀይሯል።›» ገለጥኩ። «‹የኋላው ኩሽኔታ ይዘምራል። ከሁለት ውድድር በላይ አይችልም።›» ገለጥኩ። «‹ማግኔቱ ላይ ብናኝ አለ፤ ከየት እንደመጣ አላወቅሁም። ነገ እንደገና እፈታለሁ።›» የሚቀጥለው ገጽ ላይ «‹አገኘሁት። የዘይት ፓምፑ ነው።›» ይላል። ድምፄ እየጨመረ ሄደ። የጭነት መኪናው ሹፌር ሞተሩን አጥፍቶ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። «እንግዶችህ ፎቶ ያነሱት ጸሎት ይኸውልህ፣ ሮልፍ! አሜን በል!»

በልቤ አንቱ ስለው የኖርኩትን ሰው ያን ቀን አንተ አልኩት።

ሳንድሮ ላፕቶፑን ከፍቶ የዕቃ ማዘዣዎቹን ያይ ነበር። «ማርሹ ልክ ነው» አለ በዝግታ። «ኩሽኔታው ልክ ነው። ፓምፑም በዚያው ሳምንት ታዟል።»

ሌላ ገጽ ገለጥኩና ቆምኩ። ጽሑፉ «ኬቲል ትከሻው ብሶበታል፤ ሽፋኑን ብቻዬን አነሳሁት» ይላል። ኬቲል ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሞ ይሰማ ነበር። አየሁትና ገጹን ልዘለው አልኩ። እንዲያ ተናድጄም ይሉኝታዬ አልለቀቀኝም።

«ለምን ተውከው?» አለ ኬቲል። «ስሜ ነው መሰለኝ ያለው። አንብበው።»

አነበብኩት።

ኬቲል ወደ ሮልፍ ቀረብ ብሎ «እውነት ነው» አለ። «ትከሻዬ ከሄደ ወዲህ አንድ ካምቢዮ ዘግቼ አላውቅም። እሱ ዘግቶ እኔ ፈርሜአለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «መናገር ነበረብኝ» አለ። ያንን ለማለት ምን ያህል እንደከበደው አይቻለሁ። ግን አላመሰገንኩትም። ዘጠኝ ዓመት ነበረው።

ሳንድሮን «አንተስ ትፈርምልኛለህ?» አልኩት። «የኦስሎውን አትንካው ይላሉ ስትለኝ የኖርከው አንተ ነህ። ያንን ጻፈው።»

ላፕቶፑን ዘጋ። «አልችልም፣ ቴስፋ» አለ። «ቡድኖቹን በሚመለከት ምንም ወረቀት እንዳንፈርም ታዘናል። የሕግ ክፍሉ ነው። ሥራዬን አጣለሁ።»

«ቤተሰብ ነን ብላችሁ ጽፋችሁ የለ እንዴ?»

አንገቱን ደፋ። ካምቢዮ ያስተማረኝ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ሳስበው ከሮልፍ ይልቅ እሱ ያበግነኛል፤ ሮልፍ አላወቀም ነበር፣ እሱ ግን ያውቅ ነበር።

አቴስቱን የጻፈው ሮልፍ ነው። ቢሮ ገብቶ አዲስ አትሞ አመጣ። እኔ ከሣጥኑ አልተነሳሁም። አነበብኩት። «በካምቢዮ ጥገና ረድቷል» ይላል። መለስኩለት። «ረድቷል አይደለም፣ ሠርቷል በል» አልኩት። ሄዶ አስተካክሎ መጣ። «አልፎ አልፎ» የሚል ነበረበት፤ እሱንም አስወጣሁት። ሦስተኛው ልክ ሆነ። ኬቲል በምስክርነት ፈረመ። የእያንዳንዱን ደብተር ገጽ በጋራዡ ማሽን ኮፒ አደረግሁ። ማሽኑ ቀስ ስለሚል እስከ እኩለ ቀን ፈጀብኝ፤ ሹፌሩም ጠበቀ። ከዚያ ሣጥኑን ራሴ ተሸክሜ ጫንኩት።

ሮልፍ ልወጣ ስል በሩ ላይ አገኘኝ። «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ። «ለምን አልነገርከኝም? ያን ሁሉ ዓመት በእንግዳ ፊት መስቀል ነው ስል አጠገቤ ቆመህ ፈገግ ትል ነበር።»

እንድታፍር አልፈለግሁም ልለው ነበር። ግን ከአሁን ወዲያ እሱን የማስረዳት ግዴታ የለብኝም። «አንተስ ለምን አልጠየቅኸኝም?» አልኩትና ሄድኩ።

የፈተናው ቢሮ ወረቀቶቼን ሦስት ወር ያህል ይዞ ቆየ። መልሱ ግማሽ በግማሽ ነበር። የካምቢዮው ሥራ ሙሉ በሙሉ ተቆጠረልኝ፤ የእሽቅድምድም መኪና ብቻ ስለሆነ ግን በተራ ጋራዥ አንድ ዓመት ተኩል እንድሠራ ጠየቁኝ። ጽጌ «አምስት ነበር፣ አንድ ተኩል ይሻላል» አለችና የፈረመችልኝ ያህል ደብዳቤውን ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። አንድ ዓመት ተኩል ዘይት ስቀይር፣ ፍሬን ስገጥም፣ የክረምት ጎማ ሳስር ከረምኩ። በየዙሩ የሰከንድ ሽርፍራፊ ስፈልግበት የኖርኩትን እጅ ይዤ የሰው ቫን ስር ተኛሁ። አላፈርኩም፤ ተናድጄ ነበር። ንዴት ጥሩ ያሠራል።

ፈታኟ ሴት ነበረች፤ የቤት መኪና ካምቢዮ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችልኝ። እየፈታሁ እንድናገር ጠየቀችኝ። እየፈታሁ ተናገርኩ። ጥርሱን በጥፍሬ ስዳስስ «ለምን በጥፍር?» አለችኝ፤ ነገርኳት። እሷም ጓንቷን አውልቃ ዳሰሰችው። አለፍኩ።

አሁን የቆሻሻ መኪኖችን ካምቢዮ እጠግናለሁ። የሥራ መደቤ «መካኒክ» ይላል። ጡረታ ሩቅ አይደለም። የድሮዋ መኪናችን በፋብሪካው አዳራሽ ውስጥ ተወልውላ ለጎብኚ ቆማለች አሉ። ምዕራፉ በክብር ተዘግቷል መሰለኝ። ሳንድሮ ሁለት ጊዜ ደውሎልኛል፤ አላነሳሁም። አንድ ቀን አነሳ ይሆናል፤ ገና ነኝ።

እኛ ካምቢዮ ስንዘጋ ሥራችን በካምቢዮው ድምፅ የሚታወቅ ይመስለን ነበር። አይታወቅም። ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ጸሎት ተብሎ ተነበበ። ስለዚህ በዚህ ሙያ ያላችሁ ሁሉ፣ በተለይ ከእኛ ወገን የሆናችሁ፣ ሥራውን በጨረሳችሁ ዕለት ሙሉ ስማችሁን፣ አለቃችሁ በሚያነበው ፊደል፣ በመስመሩ ላይ ጻፉ። ቅር የሚለው ሰው ይኖራል። ቅር ይበለው።